ኮክ የያዘው አቦ

ዛሬ አምስት ነው፤ አቦ። ጠዋት ጽዋውን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርጄ በእርጥብ ጨርቅ ስወለውለው ክዳኑ ሸርተት አለና የጌሾ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ። ጠላ ከተቀዳበት እኮ ቆይቷል። በግራዋ ታሽቷል፣ ፀሐይ ላይ ተደፍቷል፤ ሽታው ግን እንዳለ ነው። ዓይኔ ፈዟል፣ ጉልበቴም ዳገት ሲያይ ያማርራል፤ አፍንጫዬ ብቻ ሳያረጅ ቀረና ይኸው መከራዬን ያበላኛል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ፣ ጽዋውን ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ ከዚያ በኋላ ሞጣ መሆኔ ጠፋኝ። ብቸና እናቴ ቤት ነበርሁ። ማኅበርተኛው በመደቡ ዙሪያ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ እኔና ጥሩወርቅ በር ሥር ተጣብቀን የተረፈ ዳቦ እንጠብቃለን።

ማኅበራችን የሴቶች ነበር። በየወሩ በአምስት ባለተራዋ ቤት እንሰበሰባለን፤ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ጠላው ይጠጣል፣ መጨረሻ ላይ ባለተራዋ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ታስረክባለች። አስረካቢዋ «ለከርሞ ያድርሰን» ትላለች፤ ተቀባይዋ ነጠላዋን አጣፍታ በሁለት እጇ ትቀበልና እልል ትላለች። እልል ካልተባለ ርክክብ የለም፤ ደንቡ ነው። የሌላው ሰፈር ጽዋ ጥቁር የሸክላ ገንቦ ነበር። የእኛ ግን ነጭ ሆኖ በሰማያዊ ሥዕል የተጥለቀለቀ፣ በጥፍር ሲመቱት ቅጭል የሚል፣ ባለ ክዳን የቻይና ዕቃ ነው። የመጣውም በስለት ነው። ከእናቴ ወገን የሆነ አንድ ነጋዴ ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ዓባይ በረሃ ውስጥ ሽፍታ ከበበው፤ በሕይወት ከወጣሁ ከሸቀጤ ሁሉ የሚያምረውን ለአቦ እሰጣለሁ ብሎ ተሳለ። ወጣ፤ ሰጠም። ከማን እንደገዛው፣ ስንት እንዳወጣበት የሚያውቅ የለም። በጭድ ተጠቅልሎ በበቅሎ ጀርባ መጣ ይባላል፤ እኔም የምጨምርበት የለኝም።

ለአቦ መሰጠቱ ደግሞ እንዲሁ አልነበረም። በዕቃው ሆድ ላይ ጢሙ ደረቱን የሸፈነ ሽማግሌ እየሳቀ ቆሟል። በአንድ እጁ ረጅም ዘንግ ይዟል፤ ከዘንጉ ጫፍ ቅል ተንጠልጥላለች። በሌላው እጁ ኮክ አለ። ባለ ረጅም እግር ወፍ ከጎኑ፣ ነጠብጣብ ያለው አውሬ ከኋላው፣ ማዕበል ከእግሩ ሥር፤ ከራሱ በላይ በደመናው መሐል ክንፍ ያላቸው ነገሮች ይበርራሉ። እስቲ ይህን አይቶ አቦ አይደሉም የሚል ማን ነው? ወፏ ከጻድቁ ዓይን እንባ የጠጣችው ናት። ማዕበሉ ቆመው የጸለዩበት የዝቋላ ባሕር ነው። አውሬው ነብራቸው ነው። ቅሏ የመናኝ ሁሉ ቅል ናት። የሚያጠራጥር ነገር ቢኖር እንኳ የማኅበሩ ቄስ አባ ይርሳው ነበሩ፤ ቅኔ ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ለጥያቄ የማይሸነፉ ሰው።

«አባ፣ ነብሩ ለምን ቀንድ አወጣ?» አለች አንድ ቀን ጥሩወርቅ። ከልጅነቷ ምላሷ አያርፍም ነበር።

«ለጻድቅ ሲገዛ ነብርም ቀንድ ያወጣል።»

«ግንባራቸውስ ምነው እንዲህ አበጠ?»

«ስግደት ነው። አንችም ስገጅና ያንችም ያብጣል።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ጥሩወርቅ ግን አልጨረሰችም። አቦ ከተወለዱ ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሱም፣ የእናታቸውን ጡት እንኳ አልጠቡም ብለው ያስተማሩን ራሳቸው አባ ናቸው፤ ታዲያ ኮኩን ምን ያደርጉታል? አባ ይርሳው ጠላቸውን አስቀመጡ፤ ጽዋውን ዞር አድርገው አዩት። «መያዝና መብላት አንድ ነው?» አሉ በመጨረሻ። «የሌለውንማ ማን የማይጾመው አለ። ጻድቅ ማለት ኮኩን ይዞ የማይበላ ነው።» ያን ለት ጥሩወርቅ ዳቦዋን ይዛ ወደ በሩ ተመለሰች። እኔም ይህን ነገር እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

የሚበርሩት ነገሮች ጉዳይ ሌላ ነው። የጥሩወርቅ እናት አንድ ጊዜ «የሌሊት ወፍ ይመስሉኛል» ብላ በዓይን ልትበላ ነበር። በአቦ ራስ ላይ የሌሊት ወፍ! ኪሩቤል ናቸው ተባለ፤ ክንፍና ፊት ብቻ ያላቸው፣ በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ እንደሚሳሉት። እናቴ ጥልፍ ትጠልፍ ነበርና እነዚያን ኪሩቤል በወረቀት ቀድታ የቀሚስ አንገት ላይ አወጣቻቸው። ከዚያ ወዲያ ብቸና ተያዘች። ገበያው ዳር፣ ልብስ ሰፊዎች የሚደረደሩበት የቆርቆሮ በረንዳ ነበር፤ የስፌት መኪናቸው እግር ከሻይ ቤቱ ራዲዮ ዘፈን ጋር አብሮ ይረግጣል፤ ዘፈኑ የመለያየት ከሆነ ስፌቱም ዝግ ይላል። እናቴ ከጥጉ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሰማያዊ ክር በመርፌ ታስገባለች። አንድ ጥቅል ክር በስሙኒ፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም። ቴትሮን የሚባለው ጨርቅ ገብቶ ሴቱን ሁሉ ያሳበደበት ጊዜ ነው፤ ይጣበቃል፣ ያልባል፣ ግን አይጨማደድም፤ ከዚህ የበለጠ ሥልጣኔ አልነበረም። ለበዓል ብቸና ስትወጣ በየሴቱ አንገት ዙሪያ ኪሩቤልና ደመና ይዞር ነበር። ዛሬ ሞጣ ሱቅ ገብቼ ጥልፍ ብጠይቅ በማሽን የወጣ አበባ ያሳዩኛል፤ አበባው ስም የለውም። ሻጭዋም ምን አበባ እንደሆነ ብጠይቃት «ጥልፍ ነዋ፣ እማማ» ብላኝ አረፈች።

እኔ የእጅ ሥራ አስተማሪ ሆኜ ሞጣ ተመደብሁ፣ እዚያው አገባሁ፣ እዚያው መበለት ሆንሁ። ጥሩወርቅ ከብቸና አልተነቃነቀችም፤ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ከፈተች። በየወሩ አምስት ሲደርስ አውቶቡስ ይዤ በግንደ ወይን፣ በደብረ ወርቅ አድርጌ እሄዳለሁ። በጉም ዶሮውም ከሰው እኩል ይሳፈራል፤ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የማያውቀውን ሁሉ «ዘመዴ» እያለ ይጠራል። ብቸና ስደርስ ፀጉሬ በአቧራ ቀይ ሆኖ ጥሩወርቅ «ሸክላ ሠሪ መጣች» ትለኛለች። የማኅበር ወንበር ከእናት ለልጅ ይተላለፋልና እናቶቻችን ሲያልፉ እኛ ተተካን። ተራዬ ደርሶ ጽዋውን የማስረክበው ሁልጊዜ ለእሷ ነበር፤ እናቴም የምታስረክበው ለእናቷ ነበር።

መቼ እንደተጀመረ አላውቅም፤ ጽዋው ባለበት ቤት ሬሳ አይወጣም ይባል ጀመር። ያ ወጣቱ ከየቤቱ እየተለቀመ ይወሰድ የነበረበት ክፉ ዘመን ላይ ይመስለኛል የጸናው፤ ጽዋው የነበረበት ቤት ሁሉ ተዘለለ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲታመም ተራ እየተዘለለ ጽዋው ለታመመው ይሰጥ ነበር። አባ ይርሳው ተቆጡ፤ «አቦን ዘበኛ አደረጋችኋቸው!» አሉ። ማን ሰምቷቸው። እናቴ አልጋ ላይ ስትውል ለእሷም መጣላት። ቆየች። ቆዳዋ እየቆሰለ፣ መርፌ ያስገባ የነበረ ዓይኗ እኔን መለየት አቅቶት ቆየች። አንድ ቀን ነቃ ብላ «ተረኛዋን ጥሩልኝ» አለች። የጥሩወርቅ እናት መጥታ ተቀበለቻት፤ እልል አለች፤ እናቴ በዚያው ሳምንት አረፈች። ያን ጊዜ የተጠራችው ተረኛ እያለቀሰች እልል ማለቷ ትዝ ይለኛል። ልጅ አልነበርሁም፤ ምን እንደተደረገ ገብቶኛል።

ማኅበሩ እንደ አሮጌ ጥልፍ በየጫፉ ተተረተረ። አንዷ ሞተች፣ አንዷን ልጆቿ ከተማ ወሰዷት፣ ሌላዋ ማስታወስ ተሳናት። አባ ይርሳው ከሄዱ በኋላ ዳቦውን የሚባርክ ቄስ በልመና ሆነ። በመጨረሻ እኔና ጥሩወርቅ ብቻ ቀረን፤ ሁለት አሮጊቶች አንድ ጽዋ በብቸናና በሞጣ መካከል የምንቀባበል። ከዚያ ደግሞ መንገዱ ይከፈታል ይዘጋል የሚባልበት ጊዜ መጣ፤ ጽዋውም በእኔ ተራ ሞጣ እንዳለ ተዘጋበት።

በዚያ ወራት ሰርቪሴን ተከራይቶ የነበረው ከጅማ የተመደበ ወጣት ሐኪም ነው፤ ዶክተር ነጂብ። እስላም ነው፤ በአምስት በአምስት ዳቦዬን እንጂ ጠላዬን አይቀምስም። አንድ ቀን የውኃ በርሜሉን ቁልፍ ሊጠይቅ ገብቶ ጽዋውን ሲያይ ቆሞ ቀረ።

«እማማ ይታይሽ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«አቦ ናቸው» አልሁት።

ፈገግ አለ። ቻይና አገር ነው የተማረው። ፈቃድ ጠይቆ ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ጽሕፈት አነበበ፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ ቅር እንዳይለኝ እየፈራ ነገረኝ። ሽማግሌው እነሱ ዘንድ የረጅም ዕድሜ አምላክ ነው። ዳኦ የሚባል ጥንታዊ እምነት አላቸው፤ ሞት የማይደፍረው ሰው ለመሆን ተራራ የሚወጡ መናንያን ነበሩት። ቅሏ ውስጥ ያለው የማያስሞት መድኃኒት ነው። ኮኩ በሺህ ዘመን አንዴ የሚበስል፣ የበላው የማይሞት ነው። ነብር ያልነው አጋዘን ነው፤ አጋዘኑም ወፏም የዕድሜ ምልክት ናቸው። ማዕበሉ የማይሞቱት የሚኖሩበት ደሴት ዳርቻ ነው። ኪሩቤሎቹ ደግሞ...

«የሌሊት ወፍ ናቸው አትበለኝ!»

«ናቸው፣ እማማ። ስሟ በቋንቋቸው ከበረከት ጋር ስለሚመሳሰል ነው የሚስሏት።»

«ቅኔ ነዋ!» አልሁ። ምስኪን የጥሩወርቅ እናት! ያ ሁሉ ግልምጫ በከንቱ። ስንት ሴት በአንገቷ ዙሪያ የሌሊት ወፍ አስጠልፋ ቅዳሴ እንደቆመች አስቤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ከዚያ «ዕቃው ባጠቃላይ ምን ይላል ታዲያ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ይህ ዕቃ ያለበት ቤት ሰው ዕድሜው ይርዘም፣ ሞት አይድረስበት ነው የሚለው።»

ሳቄ ቆመ። ስለ ሬሳው ነገር አንድም ቀን አንስቼለት አላውቅም። ቀንዱን ስተናል፣ ግንባሩን ስተናል፣ ወፉን ስተናል፤ ዋናውን ግን ማንም ሳይነግረን አግኝተነዋል። ፈራሁ። በስልክ ለጥሩወርቅ ስነግራት እሷ አልፈራችም፤ «ቻይና ሆኑ አልሆኑ አቦ ናቸው» አለች። «ቻይናንስ የፈጠረው ሌላ ነው እንዴ?»

ብዙም ሳይቆይ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል። ልቧ ደክሟል፣ እግሯ አብጧል፣ ተኝታ መተንፈስ አቅቷታል። «ይታይሽ፣ ጽዋየን አምጭልኝ» አለች። «አለኸኝን ሳልድር አልሄድም።»

አለኸኝ አንድ ልጇ ነው። ከምግብ ቤቷ በራፍ ላይ በጠባብ ኪዮስክ ሞባይል ይጠግናል፤ ከብዙ ማቅማማት በኋላ ደብረ ወርቅ አንዲት አስተማሪ አጭቶ ነበር። ጥሩወርቅ የምትፈልገው ያን ሠርግ ማየት ብቻ ነው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

መንገዱ ለጥቂት ቀናት ተከፈተ ሲባል ጽዋውን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ ሄድሁ። ዶክተር ነጂብ ክኒን ከነአወሳሰዱ አስጨብጦኛል። መሐል ላይ ጠመንጃ የያዙ ልጆች አስወረዱን። የማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም፤ በዚህ ጊዜ አሮጊት የሚያኖራት አለመጠየቅ ነው። አንዱ «ምንድን ነው የያዙት፣ እናቴ?» አለኝ። «አቦ ናቸው» አልሁ። ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ፤ ሽታው መሰለኝ የእናቱን ቤት ያስታወሰው፣ ክዳኑን ተሳልሞ መለሰልኝ።

ጥሩወርቅ በዚያ እግሯ ተነሥታ ቆመች። «ለከርሞ ያድርሰን» አልኋት። ነጠላዋን አጣፍታ ተቀበለችኝ፤ ትንፋሽ በሌለው ደረቷ እልል አለች፤ አለኸኝም ከኪዮስኩ እየሮጠ መጥቶ «እማየ፣ ሠርጌን ዛሬ አደረግሽው?» ብሎ አሳቀን። ከዚያ ዳነች። ክኒኑ ይሁን ጽዋው አላጣራሁም። እብጠቷ ወረደ፣ ገበያ ወጣች፣ በየስልኩ ስለ ሠርግ ቀሚስ ጨርቅ ታማክረኛለች። አንገቱን እኔ ልጠልፈው ተስማማን፤ የሌሊት ወፍ እንዲሆን አዘዘችኝ፣ እናቷ አውቃ ነበርና።

ሠርጉ ሊደርስ ጠላው ተጠንስሶ ሳለ አለኸኝ ወደ እጮኛው ቤተሰቦች ሲሄድ መንገድ ላይ ተመታ። ማን እንደተኮሰ የሚናገር አልተገኘም፤ የሚጠይቅም የለም። ሬሳውን ወደ ብቸና ማምጣት አልተቻለም፤ መንገደኞች ከወደቀበት አጠገብ ያለ ደብር ቀበሩት። እናቱ አፈር አልበተነችም።

ለቅሶ ለመድረስ እኔም ዘገየሁ። ስገባ ጋኖቹ ጓዳ በር ላይ ቆመዋል፤ ለሠርጉ የተጠመቀው ጠላ ለለቅሶተኛ ይቀዳል። ጥሩወርቅ ከል ለብሳ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ፊቷ እንዲያውም ጤነኛ ነበር፤ እሱ ነው የከፋኝ።

«ቃሉን ጠብቋል እኮ» አለችኝ ጽዋውን በአገጯ እያመለከተች። «ከቤቴ ሬሳ አልወጣም።»

እጇን ይዤ ተቀመጥሁ።

«ውሰጅልኝ፣ ይታይሽ።»

«ወሩ አልሞላም፣ ተራዬም አልደረሰ።»

«ተራ የሚባለው ሰው ሲኖር ነው። ያለነው አንችና እኔ ነን። እናትሽ ተረኛዋን ጥሩልኝ ሲሉ እናቴ እምቢ አለች? በዚህ ቤት ዕድሜየ እንዲረዝም ነው የምትፈልጊው? ለምኔ?»

ምን እየጠየቀችኝ እንደሆነ ታውቃለች፤ እንደማውቅም ታውቃለች። ክኒኑን መውሰድ ማቆሟን ቀድማ ነግራኛለች። ብለምናትም አልሰማችኝም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ነጠላዬን አጣፍቼ ጽዋውን በሁለት እጄ ተቀበልኋት። ቀዝቃዛ ነበር። ልቀመጥ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«እልል በይ እንጅ።»

«ጥሩየ፣ ለቅሶ ቤት ነው።»

«ደንቡን እያወቅሽ! በግማሽ አትተይኝ።»

እልል አልሁ። ለቅሶተኛው ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴት «በስመ ሥላሴ!» ብላ አማተበች፤ አንድ ሽማግሌ «ያስወጧት» ሲሉ ሰማሁ። የሚገባው ሰው በዚያ ቤት አልነበረም፤ ማኅበርተኛ አልቋላ። ድምፄ መሐል ላይ ተሰበረ፤ ጥሩወርቅ ግን እስኪያልቅ ጠብቃ ዓይኗን ጨፈነች። «ለከርሞ ያድርስሽ» አለችኝ።

ሞጣ ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር ጥሩወርቅ አረፈች ተብሎ ተደወለልኝ። ሳለቅስ አደርሁ፤ ከሐዘኑ ይልቅ ያቃጠለኝ ንዴት ነው፤ በእሷም፣ በራሴም፣ በዚያ በሚስቅ ሽማግሌም። ዶክተር ነጂብ ልቧ መሆኑን፣ ክኒኑ ሲቆም እንደዚህ እንደሚሆን አስረዳኝ። አመንሁት። እሱም ኋላ ተቀይሮ ሄደ፤ ሲሰናበተኝ ጽዋውን ለሙዚየም እንድሰጥ መከረኝ። ሙዚየም እልል አይልም አልሁት።

ጀምሬው የነበረው የቀሚስ አንገት አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ሦስት የሌሊት ወፎች ወጥተው ደመናው ቀርቷል። የኔ ጉንፋን እንኳ ሁለት ቀን አይቆይ፤ ጎረቤቶቼ «ምን ዓይነት ጤና ነው!» እያሉ ይመርቁኛል፤ ዕድሜሽ ይርዘም ይሉኛል። አሜን እላለሁ፤ ምን ልበል። ሽማግሌው ጭኔ ላይ ሆኖ ኮኩን ይዞ ይስቃል። አባ ይርሳው፣ ጻድቅ ኮኩን ይዞ የማይበላ ነው ብለውን ነበር። ከሁላችን መሐል የበላሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ክዳኑን ከደንሁት። እንደ ደንቡ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ጽዋውን በሁለት እጄ አንስቼ እስከ በሩ ሄድሁ። «ለከርሞ ያድርሰን» አልሁ። ጥቂት ቆሜ ጠበቅሁ፤ እልል የሚል አልነበረም። መልሼ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥሁት።